የፊት ወንበር

እሺ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር፤ ይቆየን። ይሄን ሳልተነፍስ ሌላ ወሬ አልመጣ አለኝ።

እታለም ደህና ናት። ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የታይሮይዷ፣ አንገት ላይ ያለው እጢ ማለት ነው፣ ግማሹ ወጥቷል። ድምጿም ያው የድሮው ነው፤ ትናንት በስልክ ተቆጥታኛለች።

እኔን ያልለቀቀኝ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለችው ሰዓት ናት። ነቃች። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ወደ ላይ አላት። ሆዷ ባዶ ነው፣ የሚወጣ የለም፣ ግን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይላታል። ባማጠች ቁጥር ከፋሻው በላይ የአንገቷ ደም ስር ይገተራል። በግራ እጇ ፋሻውን ደግፋ ይዛለች፤ ማን እንደነገራት እንጃ። ነርሷ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ግን የምታስመልስበትን ሳህን አይደለም፣ አንገቷን ነው። በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው፤ አብጧል? ጠጥሯል? "ትንፋሽ ያጥርሻል እህቴ?" አለቻት።

ያኔ ነው የገባኝ። ሌላ ቦታ ተቀዶ ማስመለስ ስቃይ ነው። አንገት ላይ ሲሆን ግን ሌላም አለ። ስታምጥ የደም ስሩ ግፊት ይጨምራል፣ የተቋጠረው ሊፈታ ይችላል፣ ውስጥ የተጠራቀመው ደም የአየር ቧንቧ ላይ ይጫናል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ከደረሰም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው። እሷ ላይ አልደረሰም። ተመስገን።

ግን ያቺ ጥያቄ... የማደንዘዣ ባለሙያው ቀድሞ ጠይቋታል። "መኪና ያጥወለውልዎታል?" "አይ፣ በጭራሽ" ብላለች። ይሄን የነገረችኝ ቤት ከገባን በኋላ ነው። የኔ እናት፣ ለምን እንዲህ አልሽ? ስላት፣ "አያጥወለውለኝማ! ፊት ተቀምጬ ምን ያጥወለውለኛል?"

የፊት ወንበር! የዚህ ፖድካስት አድማጭ የማያውቀው የለም። ጋቢና የተቀመጠውን ሰውዬ ያስነሳችውን ታሪክ ስንቴ ስቀንበታል። ለካ ኋላ መቀመጥ አትችልም። እሷ ደግሞ አልዋሸችም። የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።

እ.ኤ.አ. በ1999 አፕፌል የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው፣ ከሰመመን በኋላ ማንን እንደሚያስመልሰው የሚገመትበት አራት ነጥብ አለ። ሴት መሆን። አለማጨስ። መኪና የሚያጥወለውለው ወይም ከሰመመን በኋላ አስመልሶት የሚያውቅ። ከኦፕራሲዮን በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ መውሰድ። ምንም የሌለበት ከመቶ 10 ያህል ዕድል ነው ያለው፤ ሦስት ያለበት 60፣ አራቱም ያሉበት 80።

አለማጨስ! ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ለማቅለሽለሽ ትጋለጣለች፣ የሚያጨሰው ይተርፋል። አዎ፣ ሳንባው ላይ ያለው ዕዳ ሌላ ነው፣ ግን... እሺ፣ ልተወው።

ያለ መኪናውም ሦስቱ ነበሩባት። የ2020ው የባለሙያዎች መመሪያ ከሁለት በላይ ላለበት ሰው ሦስት ወይም አራት መከላከያ አጣምሩ ይላል። ሰመመን ሲጀመር ዴክሳሜታሶን፣ ሊያልቅ ሲል ኦንዳንሴትሮን፣ በሚሳበው የማደንዘዣ ጋዝ ፈንታ በደም ስር የሚሰጥ ፕሮፖፎል፣ ሞርፊኑን ደግሞ በሌላ ማስታገሻ መቀነስ። ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚሠራው፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዛል። እሷ ዴክሳሜታሶኑን ብቻ አግኝታለች። ኦንዳንሴትሮኑ የመጣው ወደ ላይ ካላት በኋላ ነው። ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል። መድኃኒቱ የልብ ምቷን እንዳይነካ ፈርተው ይሆን? አላውቅም፣ ማንንም መውቀስ አልፈልግም። እንደገና ሳስበው ደግሞ እፈልጋለሁ።

"ኋላ ቢቀመጡስ? ስልክ እያዩ ቢሄዱስ?" ተብላ ብትጠየቅ ኖሮ... ምናልባት ምንም አይለወጥም ነበር።

አሁን ያለው ነገር ሌላ ነው። ከወጣው እጢ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሐሙስ ይመጣል። ጥሩ ካልሆነ ቀሪው ግማሽም መውጣት ሊኖርበት ይችላል። እሷ "ሁለተኛ አልገባም" ብላለች። ቢላዋውን አይደለም የፈራችው፣ ያቺን ሰዓት ነው። አሁን እኮ አስመልሷት ያውቃል፣ ፋይሏ ላይ ይጻፋል፣ መኪናውን መጠየቅም አያስፈልግም፣ የመድኃኒቶቹንም ስም ይዤ እገባለሁ እላታለሁ። "አንተ ነህ የምታስመልሰው?" ትለኛለች። ምን ይባላል? እውነቷን ነው። ብቻ ሐሙስ... እስቲ ሐሙስ ይምጣ፣ ከዚያ...