የጭነት መኪና ከመግዛት በፊት፦ ስለ ብድሩና ስለ ግብሩ
(ለአሽከርካሪዎች በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች፣ የማኅበራት ተወካዮችና እንግዶች፤

እንደምን አረፈዳችሁ። አብዛኞቻችሁ በሰው መኪና የዓባይን በረሃ ስትወርዱና ስትወጡ፣ በወረታና በወልድያ አድርጋችሁ ወደ ጅቡቲ ስትመላለሱ የኖራችሁ ስለሆናችሁ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ደላላ ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ የመጣሁትም ለባንክ የምትከፍሉት ገንዘብና ግብር ሰብሳቢው ወጪ ብሎ የሚቀበላችሁ ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

ለስሌት እንዲመች ብቻ፣ የገበያ ዋጋ ነው ሳልል፣ 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና እንውሰድ። ገዢው 1.8 ሚሊዮኑን ከራሱ ያወጣል፤ ቀሪውን 4.2 ሚሊዮን በ18 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት፣ በእኩል ወርሃዊ ክፍያ ይበደራል። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 106,650 ብር፣ የዓመቱ ደግሞ ወደ 1.28 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ውስጥ 710 ሺህ ያህሉ ወለድ ነው፤ 570 ሺህ ያህሉ ዋናውን ብድር ይቀንሳል። ግብር ሲሰላ የባንክ ወለድ ከገቢያችሁ ላይ ይቀነስላችኋል። ዋናው ብድር ግን አይቀነስም፤ በመኪናው ዋጋ ፈንታ ሕጉ የሚሰጣችሁ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም መኪናው እያረጀ ሲሄድ ከዋጋው በየዓመቱ ወጪ ሆኖ የሚያዝላችሁ ድርሻ ነውና።

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ደንብ እንዲህ ላለው ንብረት ሁለት መንገድ አስቀምጧል። አንደኛው በየዓመቱ የግዢ ዋጋውን 15 በመቶ መቀነስ ነው፤ ሁለተኛው በየዓመቱ ከቀረው ዋጋ ላይ 20 በመቶ መቀነስ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 1.2 ሚሊዮን የእርጅና ቅናሽና 710 ሺህ ወለድ፣ በድምሩ 1.91 ሚሊዮን ብር ይቀነስለታል፤ ለባንክ የከፈለው ግን 1.28 ሚሊዮን ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው ደስ ይለዋል፣ ደስታው ግን አይዘልቅም። በአምስተኛው ዓመት የእርጅና ቅናሹ ወደ 491 ሺህ፣ ወለዱም ወደ 117 ሺህ ወርዶ ድምሩ 608 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል፤ የባንኩ ክፍያ ግን ያው 1.28 ሚሊዮን ነው። እንግዲህ ወደ 670 ሺህ ብር የሚሆን፣ ከእጃችሁ ወጥቶ ባንክ የገባ ገንዘብ፣ በግብር ዓይን ትርፍ ሆኖ ይቆጠራል። በ30 በመቶ ቢሰላ ግብሩ 200 ሺህ ብር ያልፋል። ይህ የሚመጣው ደግሞ ሞተሩ እድሳት በሚጠይቅበት ዘመን ነው።

ስለዚህ አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ። በአምስተኛው ዓመትም 900 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ስለሚገኝ በባንኩ ክፍያና በሚቀነሰው ገንዘብ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 263 ሺህ ይወርዳል። ሁለተኛው መንገድ የሚጠቅመው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢ ጠንካራ ሲሆን ነው፤ ገቢው ሳስቶ ኪሳራ ከታየም ኪሳራውን ከቀጣዮቹ ዓመታት ገቢ ላይ እንዲቀነስ እስከ 5 ዓመት ማሸጋገር ይቻላል። ይህ ሁሉ ግን መዝገብ ለሚይዝ ነው። በጠቅላላ ሽያጩ ላይ በቁርጥ ለሚከፍል ሰው ወለዱም እርጅናውም አንዳች አይቀንስለትም፤ የነዳጅና የመለዋወጫ ደረሰኙን ጋቢና ውስጥ የሚበትን ሰውም ከዚያ ብዙ አይሻልም።

መነሻ ገንዘቡን ከዕቁብ ማግኘት መልካም ነው፤ ወለድ የለበትም። ቤት አስይዞ መበደር ለማይችል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አለ፤ አከራዩ መኪናውን ገዝቶ እናንተ እየከፈላችሁ ትሠሩበታላችሁ፤ በዱቤ ግዢው ዓይነት ሊብሬው እስከ መጨረሻው ክፍያ በአከራዩ ስም ይቆያል።

ግለሰብ ነጋዴ ልሁን ወይስ ማኅበር ላቋቁም የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ማኅበሩ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ትርፉ ለባለቤቱ ሲደርስ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። ግለሰቡ ግን ከዝቅተኛው መጣኔ ጀምሮ እስከ 35 በመቶ በደረጃ ይከፍላል፤ ለራሱ የሚያወጣው ገንዘብም ወጪ ሆኖ አይያዝለትም። ለአንድ መኪና፣ ለግብር ሲባል ብቻ ማኅበር ማቋቋም ትርፉ ያን ያህል አይታየኝም። ጠንካራው ምክንያት ሌላ ነው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ሌላ ሰው እየነዳው በደረሰ ጉዳት እንኳ ተጠያቂ ነው ይላል። ሾፌር ቀጥራችሁ እቤት ስትቀመጡ ይህን አስቡ፤ መኪናው በማኅበሩ ስም ከሆነ ባለቤቱ ማኅበሩ ነው። ባንኩ የግል ዋስትና ካስፈረማችሁ ግን ማኅበሩ ከብድሩ አያድናችሁም።

የቀረኝ ክረምቱ ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ መክፈያው ከሐምሌ ጀምሮ ጭነት በሚሳሳበት ወቅት ላይ ይወድቃል። የእህሉ ጭነት የሚበዛው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ፣ የክረምቱ ክፍያ ቀለል፣ የበጋው ከበድ እንዲል ከፊርማ በፊት ባንኩን ጠይቁ፤ ከፊርማ በኋላ ግን ለማስለወጥ አስቸጋሪ ነው። የክፍያ ሰንጠረዥ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ከሻይ በኋላ ወለዱንና ዋናውን ለይተን አብረን እናሰላለን።