እምቦጩ ምን እየበላ ይሰባል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ለዓመታት ከአእምሮዬ ስላልወጣ አንድ ጥያቄ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በጣና ሐይቅ ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ለመንቀል በተካሄደው ዘመቻ ተሳትፌ ነበር። በሰሜኑ ዳርቻ፣ በደምቢያ በኩል፣ እስከ ጭናችን ውኃ ውስጥ ገብተን ስንነቅል፣ ከአጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሥሩ እንደ ጢም የተንዠረገገ እምቦጭ አንሥተው ካገላበጡት በኋላ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይህ ነገር ምን እየበላ ነው እንዲህ የሚሰባው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሁላችንም የምናስበው ስለ መንቀል ብቻ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከብት ያረቡ ሰው በመሆናቸው የሰባ ነገር ሁሉ መኖ እንዳለው ያውቃሉ።

የእምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ እያሉ ከአህጉር ወደ አህጉር ወሰዱት። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 1965 በቆቃ ግድብ ሐይቅ ሲሆን፣ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 ነው። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ መኖ ባያገኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ጉልበት አያገኝም ነበር።

መኖው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ያቀረብንለትም እኛው ነን። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ የማይደርስ፣ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሐይቅ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየደጋው የጠረጉትን ሁሉ ይዘው ይገቡበታል። የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ አፈሩ ከላመ በኋላ፣ ቡቃያው መሬቱን ሳይሸፍነው የሐምሌ ዝናብ ይወርድበታል፤ ደኑ ከተመነጠረው ተዳፋት የሚነሣው ጎርፍም ያን የላመ አፈር ገበሬው ተበድሮ ከገዛው ማዳበሪያ ጋር አጥቦ ይወስደዋል። ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ በመሆኑ፣ ደለል በገባበት ሁሉ እርሱም ይገባል። የጎንደር ከተማ ፍሳሽ በመገጭ በኩል ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ባሕር ዳር ደግሞ የተቆረቆረችው በሐይቁ አፋፍ ላይ ነው።

ቀድሞ ይህን ሁሉ አጥልሎ የሚያስቀር ረግረግ ነበር። በፎገራ የሚገኙት ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች፣ በዳርቻው የነበረው ደንገልም ደለሉን ይይዙ፣ ንጥረ ነገሩን ይመጥጡ ነበር። ረግረጎቹ እየተጠነፈፉ ታረሱ፣ ደንገሉም ተጨፈጨፈ፤ ውኃው ወደ ኋላ ሲል የሚገለጠውን ባሕር ሸሽ መሬትም ገበሬው ጥርኝ አፈር ሳያስቀር ያርሰዋል። ይህን ስል ገበሬውን እየወቀስሁ አይደለም። ለልጆቹ የሚያወርሰው ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ሰው የተገለጠ መሬት አይቶ እንዲያልፍ መጠየቅ አይቻልም።

አብዝቼ የምጨነቅበት ግን የሰው ጤና ነው፤ ስለ እምቦጭ ሲወራ ዓሣውና ጀልባው ይነሣሉ፣ የልጆቹ ሆድ ግን ይረሳል። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ የቆየ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ተፈልፍሎም በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ከተራባ በኋላ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለቀንድ አውጣው እምቦጭ ጥላም፣ መጠለያም፣ ምግብም ነው። ስለዚህ ያለ መጸዳጃ ቤት የቀረ መንደር ያወጣውን፣ ሐይቁ ተቀብሎ አባዝቶ ለዋናተኛው ልጅ፣ ለዓሣ አጥማጁና ሩዝ ለሚያርመው ገበሬ ይመልሰዋል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ግን መድኃኒቱን በዋጠ ማግሥት ወደዚያው ውኃ ስለሚመለስ እንደገና ይያዛል። እምቦጩ ባጨቀው ዳርቻ ሞገድ የማይነካው ውኃ ስለሚተኛ ለትንኝ መራቢያ ይመቻል፤ ደምቢያና ፎገራ ደግሞ ቀድሞውንም ወባ የሚበረታባቸው አገሮች ናቸው። እኛም በዚያ ጥቅምት ለሥራ ስንሰማራ አብዛኞቻችን ያለ ቦቲ፣ በባዶ እግራችን ነበርን፤ ማንም ስለ ቢልሃርዝያ አንዲት ቃል አልነገረንም።

ዓሣውም ቢሆን ከሰው ጤና የተለየ ጉዳይ አይደለም። የእምቦጩ ምንጣፍ ብርሃን ይከለክላል፣ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹም እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ገባር ወንዞቹ የሚወጡ ናቸው። የወንዞቹ አፍ ሲደፈን እነርሱ ይመነምናሉ፤ ዓሣ የቀረበት ቤት ልጆች ደግሞ ሌላ ሥጋ በወር አንድ ጊዜም ላያገኙ ይችላሉ።

የቪክቶሪያ ሐይቅ ተሞክሮ ደጋግሞ ይነሣል። በዚያ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጡና እምቦጭን ብቻ የሚመገቡ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተለቀው፣ አረሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ይህን ጥረት አከብራለሁ። ነገር ግን መኖው መግባቱን ስላላቆመ እምቦጩ በቪክቶሪያም ከጊዜ በኋላ እየተመለሰ አስቸግሯል፤ ስለዚህ ጢንዚዛም ሆነ ማሽን ብቻውን ይበቃል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

በዘመቻው ማብቂያ የነቀልነውን በዳርቻው ላይ ከሰው ቁመት በላይ ከምረን፣ ደስ ብሎን ፎቶግራፍ ተነሥተን ተለያየን። በተከታዩ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ወደዚያው ስፍራ ተመልሼ ሄድሁ። ሽማግሌውም ከብቶቻቸውን እያሰማሩ አገኙኝና ክምሩ ወደነበረበት ቦታ መሩኝ። ክምሩ በስብሶ፣ የክረምቱ ጎርፍም አጥቦት ጥቁር ምልክት ብቻ ቀርቷል፤ ጎርፉ ወደ ሐይቁ የገባበትን ቦይ ተከትለን ስንወርድ፣ በቦዩ አፍ ላይ ከሌላው ዳርቻ ሁሉ ይልቅ የለመለመ እምቦጭ አብቦ ነበር። ሽማግሌው በዱላቸው እያመለከቱ፣ «እነሆ የከመርንለት» አሉኝ።