የዘንዶው ልጅ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ስም ነው። ድራኩላ። ስሙ ሲጠራ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ደም ወደሚመጥ ፍጡር ነው። ለእኔ ግን ይሄ በስሙ ላይ የተፈጸመ ትልቅ በደል ነው። ሲጀመር የክብር ስም ነበራ!

እ.ኤ.አ. በ1408 የሃንጋሪው ንጉሥ ሲጊስሙንድ የዘንዶ ማኅበር የተባለ የመኳንንት ማኅበር አቋቋመ። ዓላማው ክርስትናን መጠበቅ፣ በተለይም ኦቶማኖችን መመከት ነበር። ምልክቱ ደስ ይላል። ዘንዶው ክብ ሠርቶ ተጠቅልሏል። ጅራቱ የገዛ አንገቱን አንቆታል። ጀርባው ላይ መስቀል አለ። ድል የተነሣ ዘንዶ ነው፤ አርአያቸውም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር።

በ1431 ዳግማዊ ቭላድ ኑረምበርግ ላይ የዚህ ማኅበር አባል ሆነ። በኋላ የቫላኪያ ገዢ የሆነው ነው፤ ቫላኪያ ደግሞ የዛሬዋ ሩማንያ ደቡባዊ ክፍል ናት። ሰዉ ድራኩል አለው፤ ዘንዶው ማለት ነው። ልጁ ሣልሳዊ ቭላድም ድራኩላ ተባለ፤ የድራኩል ልጅ። በስሙ አላፈረበትም። በ1475 ራሱ ፈርሞበታል። ሰውየውን ላጸድቀው አይደለም፤ ሰው በሹል እንጨት ላይ እየሰካ ይገድል ነበር። እኔ የምሟገተው ለስሙ ነው።

ታዲያ ይህ ስም ከሰይጣን ጋር እንዴት ተያያዘ? ድራኩል የወጣበት የሩማንያኛ ቃል ድራክ የመጣው ከላቲኑ ድራኮ ነው፤ እሱም ከግሪኩ ድራኮን። ግሪኩን ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ከማየት ጋር ያያይዙታል፤ አስተያየቱ የሚወጋ እባብ። ቀጥሎ ራእይ ምዕራፍ 12 ታላቁን ዘንዶ ዲያብሎስና ሰይጣን አለው። በሩማንያኛ ይሄኛው ፍቺ አሸነፈ። ድራክ ሰይጣን ሆኖ ቀረ።

በ1820 ዊልያም ዊልኪንሰን የተባለ የእንግሊዝ ዲፕሎማት ስለ ቫላኪያና ሞልዳቪያ መጽሐፍ አሳተመ። በግርጌ ማስታወሻው ድራኩላ በቫላኪያ ቋንቋ ዲያብሎስ ማለት ነው ብሎ ጻፈ። ዘንዶውን አላነሣም። በ1890 ደራሲው ብራም ስቶከር በእንግሊዟ ዊትቢ ከተማ ውስጥ መጽሐፉን አግኝቶ ያቺን ማስታወሻ ገለበጣት። ሊጽፈው ያሰበው የደም መጣጩ ገጸ ባሕርይ ስም እስከዚያ ዋምፒር ነበር፤ ድራኩላ ብሎ ቀየረው። ልብ ወለዱ በ1897 ወጣ፤ ዓለምም የሚያውቀው ያንን ነው።

ሩማንያውያን ዛሬ የተረቱን ዘንዶ ባላውር ይሉታል። ከፈረንሳይኛ የተዋሱት ድራጎንም አላቸው። አሮጌው ድራክ ግን ለሰይጣን ተሰጥቷል።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።