ራስ የሌለው ሥጋ

እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁ ሌላ ርዕስ ነበር፤ እሱ ይቆየንና ከጋሼ ጋር ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የገጠመንን ነገር ላንሳ፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

የጋሼንና የጨውን ጉዳይ ታውቃላችሁ፤ ሐኪም ከከለከላቸው ወዲህ «ለእኔ አይደለም፣ ለዓሣው ነው» እያሉ ነው የሚነሰንሱት። ያን ዕለትም ዓሣ ሻጩ ልጅ ገና ከሐይቁ የወጣውን ቆሮሶ የተባለ ዓሣ ቆራርጦ፣ ጭንቅላቱን አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ወርውሮ፣ ጥሬ ሥጋውን ከዳጣ ጋር እንዳቀረበልን እንደ ልማዳቸው ነሰነሱ። ሥጋው ከዳር በኩል ተርገበገበ፤ ቆመ፤ ደግሞ ተርገበገበ። ጋሼ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የነርቭ ሕዋስ ዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ሆኖ ይቆያል፤ ይህንን ልዩነት የሚጠብቀውም በሽፋኑ ላይ ያለ ፓምፕ ነው፤ በአንድ ዙር 3 የሶዲየም ቅንጣቶች ወደ ውጭ እያስወጣ 2 የፖታሲየም ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ያስገባል። ዓሣው ቢሞትም ሕዋሳቱ ይህንን ልዩነት ወዲያው አያጡም። ሶዲየም ያለበት ጨው ሚዛኑን ሲያናጋው፣ ልዩነቱም ወደ 55 ሚሊቮልት ገደማ ሲወርድ፣ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ይጎርፋል፤ የሕዋሱ ውስጥ ለአፍታ አዎንታዊ ይሆናል፤ ከዚያም ፖታሲየም ወጥቶ ነገሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ አካባቢ የሚያልቅ ነው። ጡንቻውም በተመሳሳይ መንገድ ይቀሰቀሳል። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶቹ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ የዚህን የነርቭ ምልክት ስሌት በ1952 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ በተወሰደ ነርቭ ላይ ሠርተው ነው፤ ያም ነርቭ ከእንስሳው ተለይቶ ሳለ ምልክቱን ያስተላልፍ ነበር። እንግዲህ የእኛ ቆሮሶ ያደረገው አዲስ ነገር አልነበረም።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ምልክቱ በመንገድ ላይ አለመድከሙ ነው። የሠርግ ቤት እልልታን አስቡት፤ አንዷ ስትጀምር አጠገቧ ያለችው በራሷ ትንፋሽ ትቀበላታለች፤ ስለዚህ ድምፁ ዳር ሲደርስም ያው ነው። የነርቩ ሽፋንም እንዲሁ ቁራሹ ቁራሹን እየቀሰቀሰ ምልክቱን በየቦታው እንደ አዲስ ይወልደዋል። ሕመም ሲበረታ እንኳን ምልክቱ አይገዝፍም፤ ይደጋገማል እንጂ። በስብ የተሸፈኑት ነርቮች በሰከንድ ከ5 ሜትር ገደማ እስከ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲያስኬዱት፣ ያልተሸፈኑት ቀጫጭኖች ግን አንድ ሜትር ገደማ ነው የሚያስኬዱት፤ እግራችሁን ድንጋይ ሲመታችሁ መጀመሪያ ስል ሕመም ተሰምቷችሁ የሚያቃጥለው ዘግየት ብሎ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ይህንን ሁሉ ለጋሼ በማስረዳት ላይ ሳለሁ፣ ዐይናቸውን ከሳህኑ ሳይነቅሉ «አንቺ ልጅ፣ ይኸ ራስ ሳይኖረው ይሰማዋል፤ የኔ እግር ራስ እያለው አይሰማውም» አሉኝ።

የስኳር በሽታቸውን ታውቃላችሁ። በደም ውስጥ ለዓመታት የበዛ ስኳር ነርቮችንና እነርሱን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ረጃጅሞቹ ነርቮች ከሚደርሱበት ከእግር ጣት ነው። እኔም «መንቀሳቀስ መሰማት አይደለም፤ ለመሰማት አንጎል ያስፈልጋል» ብዬ መለስኩ። መልሱ ትክክል ነው። ሆኖም አሁን ይህንን ስናገር በአንጎሌ ውስጥ የሚሆነውም ያው የሶዲየምና የፖታሲየም ግባ-ውጣ ነው፤ ነርቭ ከነርቭ በሚገናኝባቸው ቦታዎች፣ በሲናፕሶች ላይ፣ ኬሚካል ይጨመርበታል እንጂ ኤሌክትሪኩ ሌላ ዓይነት አይደለም። ታዲያ የቱ ጋ ሲደርስ ነው «ተሰማኝ» የሚባለው? ምናልባት ብዛቱና አያያዙ ይሆናል... ይህም ቢሆን እኔን አያጠግበኝም።

ደግሞ እኮ ጋሼ የጠየቁኝ የፍልስፍና ጥያቄ ላይሆን ይችላል። የፈሩት እግራቸውን ይመስለኛል፤ እኔ ግን ስለ ሚሊቮልት ሳወራ ነበር። ማታ ማታ መርገጫቸውን ቁስል እንዳይኖረው እንዲያዩት፣ ጫማ ከማድረጋቸው በፊትም የጫማውን ውስጥ በእጃቸው እንዲዳብሱት ብነግራቸው «ካልተሰማኝ ምን አያለሁ?» አሉኝ። የማይሰማዎት ስለሆነ ነው እኮ የሚያዩት፣ ጋሼ፣ ልላቸው ስል ልጁ ሒሳብ ይዞ መጣ፤ እሳቸውም እኔ ነኝ የምከፍል ብለው ክርክር ገጠሙ፤ እንዲያው በዚያው...