ስልኩ ሲያነብላቸው፦ ኖታ ስለማስተማር የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ ስናስተምር ከወላጆች ዘወትር የምንሰማው ጥያቄ «ልጄ ስልኩን አይቶ መጫወት ከቻለ ኖታ መማሩ ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ የዛሬው ንግግሬ ለእርሱ መልስ እንዲሆን አስቤአለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት የ12 ዓመት ተማሪያችን በትዝታ ቅኝት የተቃኘ ዜማ በኪቦርድ አንድም ሳትሳሳት ተጫወተችልኝ። የተማረችው ባለቀለም ዘንጎች ከላይ ወደ ቁልፎቹ ከሚወርዱበት ቪዲዮ ነበር። ያንኑ ዜማ ኖታ በሚጻፍባቸው አምስት መስመሮች ላይ ጽፌ ሳቀርብላት ግን የመጀመሪያውን ድምፅ እንኳ መለየት አልቻለችም፤ ከመካከል እንድትጀምር ስጠይቃትም ጣቶቿ መንገዱ ጠፋባቸው። ቪዲዮው የቱን ቁልፍ እንደምትነካ አሳይቷታል፤ የድምፁን ስም፣ ርዝመቱንና ከሚቀጥለው ድምፅ ያለውን ርቀት ግን አላስተማራትም። የቁልፎቹን ድምፅ ሁሉ በአንድነት ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው የኪቦርዱ የትራንስፖዝ ቁልፍም እንዲሁ ነው፦ ዘፋኙ «ዝቅ አድርግልኝ» ባለ ቁጥር እርሱን የሚጫን ልጅ፣ ጣቱ «ዶ» ላይ አርፎ ሳለ ጆሮው «ላ» ሊሰማ ይችላል፤ ዓይን፣ ጣትና ጆሮ ሳይተዋወቁ ያድጋሉ።

ይህን የምለው መሣሪያዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ሙዝስኮር የተባለው ነጻ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ፒያኖ በየክፍሉ ለማይገኝልን የከተማ ዳር አስተማሪዎች ትልቅ ሲሳይ ነው፤ ልጁ የጻፈውን ወዲያው ስለሚያሰማው፣ ያሰበውና የጻፈው ካልተገናኙ ተመልሶ ያርመዋል። ይሁንና ጊዜውን መጠበቅ አለበት። በ4/4 ምት አንድ ባር፣ ማለትም በቋሚ መስመሮች የሚለይ አንድ የምት ክፍል፣ የሚይዘው አራት ሩብ ኖታ (ባለ አንድ ምት ድምፅ) ነው፤ አንድ ልጅ በአንድ ባር ውስጥ አምስት ሩብ ኖታ በወረቀት ላይ ቢጽፍ፣ እያጨበጨበ ቆጥሮ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ፕሮግራሙ ግን አምስተኛውን ሳይጠይቀው ወደ ቀጣዩ ባር ያሻግርለታል። ገጹ ያምራል፤ ልጁ መቁጠር አልተማረም።

ደግሞም ዜማን መጻፍ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር የድጓ (የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ) ተማሪ ከፊደላቱ በላይ የሚሰፍሩትን ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረትና ሌሎቹን ምልክቶች ከመምህሩ አፍ እየሰማ፣ በራሱ ድምፅ እየደገመ ያጠናል። ከእነዚህ ምልክቶች አሥሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ስለገቡ ኮምፒውተር ሊጽፋቸው ይችላል፤ ድምፁ በርክርክ ላይ እንዴት እንደሚርገበገብ ለተማሪው የሚያሳየው ግን ዛሬም መምህሩ ነው።

ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስልኮች በር አጠገብ ባለው ቅርጫት ይቀመጣሉ። ልጆቹ ዘምረው፣ አጨብጭበው፣ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ቀጥሎም በክፍሉ ባለው ላፕቶፕ የጻፉትን እየተፈራረቁ ያዳምጣሉ። የትራንስፖዙን ቁልፍ ለጊዜው በፕላስተር ሸፍነነዋል። ከእናንተ የምንለምነው እርሳስ፣ ላጲስና ደብተር ብቻ ነው፤ የኖታ ደብተር ካልተገኘ አምስቱን መስመር በማስመሪያ አብረናቸው እናሰምራለን።

አመሰግናለሁ።