በትሬ ያላገኘው ስኩተር
ለዓይነ ስውራን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ የከተማው ምክር ቤት ተወካዮች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሕዝቡ ለኪራይ ኤሌክትሪክ ስኩተሮች ያለው አመለካከት ነው። አመለካከቱን በየስብሰባው ሰምታችሁታል። አንዱ ወገን ጭስ የሌለው፣ ከትራፊክ መጨናነቅ የሚገላግል መጓጓዣ ነው ሲል፣ ሌላው የወጣቶች መጫወቻ ነው ይላል። እኔ ግን የመጣሁት ሁለቱም ወገኖች የዘለሉትን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ይኸውም ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ ስኩተሩ የት ይቆማል የሚለው ነው።

ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከ20 ዓመታት በላይ በተመላለስኩበት የእግረኛ መንገድ ማለዳ ወደ ሥራዬ እየሄድኩ ነበር። ነጭ በትር የያዛችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ በትራችን የሚነግረን መሬት ላይ ያለውን ነው። የስኩተር ጎማ ቀጭን ነው፤ መሪው ግን በግራና በቀኝ ወጣ ብሎ ከወገብ በላይ ይገኛል። በትሬ ጎማውን ሳይነካ በጎኑ አለፈ፤ መንገዱ ባዶ ነው ብዬ ስራመድ የመሪው ጫፍ የጎድን አጥንቴ ላይ ተሰካ። ስኩተሩን ይዤ ወደቅሁ። በዚያው ቅጽበት ስኩተሩ የሌባ ማስጠንቀቂያውን ያሰማ ጀመር። መሬት ላይ ተጋድሜ ያን ጩኸት ስሰማ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ራሱን ከሌባ የሚጠብቅበት ድምፅ ተሰጥቶታል፣ እኔን የሚያስጠነቅቅበት ድምፅ ግን አልተሰጠውም።

ለአቤቱታ ወደ አከራዩ ድርጅት ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሠራተኛ ትሑት ነበረች። መሪው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ዓይነ ስውር መሆኔን ነገርኳት። «እንግዲያው ፎቶ አንሥተው በመተግበሪያው ይላኩልን» አለችኝ።

ይህን በተናገርን ቁጥር የሚሰጠን መልስ «የተጠቃሚው የሥነ ምግባር ጉድለት ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበለውም! አገልግሎቱ ከመጀመሪያው የተሸጠው «የትም አንሡት፣ የትም ተዉት» ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ ሲጀመር ስኩተሮቹ ያለ ከተማው ፈቃድ ነበር መንገድ ላይ የተደረደሩት፤ በዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ሁሉም እንዲነሡ አዘዘች። አከራዮቹ ለማቆሚያ ቦታ መክፈል የነበረባቸውን ኪራይ የከፈልነው እኛ ነን፤ በጎድናችንና በጉልበታችን ነው የከፈልነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ወንድማችንም፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋው እናትም ከፍለዋል።

አንዳንዶቻችሁ ፓሪስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2023 ድምፅ ሰጥታ የኪራይ ስኩተሮችን ስታስወጣ ተደስታችሁ እንደነበር አስታውሳለሁ። ድምፅ ከሰጡት 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይውጡ ብለው ነበር፤ ይሁን እንጂ ከተመዘገቡት መራጮች ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄዱት ከመቶ ስምንት አይሞሉም። እኔ አልተደሰትኩም። የእህቴ ልጅ የሌሊት ተራ ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋን ስትጨርስ አውቶቡስ ስለማይኖር የምትመለሰው በስኩተር ነው። እሷን በጨለማ በእግሯ አስኬጄ የእኔን መንገድ ማስለቀቅ አልፈልግም፤ ማስለቀቅም ግድ አይደለም። ስዊድን ከመስከረም 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእግረኛ መንገድ ላይ በስኩተር መሄድንም፣ ከተመደበ ማቆሚያ ውጭ እዚያ ማቆምንም ከለከለች። ስኩተሮቹ ዛሬም በከተሞቿ ይሄዳሉ።

አይቻልም የሚለን ካለ ይህን ይመልስልን፦ እነዚህ ድርጅቶች ስኩተሩ አንድ አደባባይ ሲገባ ፍጥነቱን በራሱ እንዲቀንስ ማድረግ ችለዋል። ታዲያ ከማቆሚያው ውጭ ጉዞው እንዳይዘጋና ሒሳቡ መቁጠሩን እንዳያቆም ማድረግ እንዴት ያቅታቸዋል? በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ስኩተሩ የት እንዳለ የሚያመለክተው የሳተላይት መለያ በሜትሮች ስለሚሳሳት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በቀለም የተከለለ፣ ብረት የተተከለበት፣ በትራችን የሚያገኘው ማቆሚያ ያስፈልጋል። ቦታውም ከመኪና ማቆሚያ ይወሰድ እንጂ ከእግረኛ መንገድ አይቀነስ፤ አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ብዙ ስኩተሮችን ይይዛል።

ስለ ፍጥነት፣ በአንድ ስኩተር ላይ ለሁለት ስለመሳፈርና ሞተሩ ድምፅ የለሽ ስለመሆኑ ሌሎች ተናጋሪዎች ስለሚያነሡት አልደግመውም።

ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ማመልከቻ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በብሬልና በትልልቅ ፊደላት ተዘጋጅቶ ይገኛል። አከራዮቹ አቤቱታ በስልክ፣ ያለ ፎቶና ያለ ቁጥር እንዲቀበሉ የሚያስገድደው አንቀጽ ሦስተኛው ነው። የምክር ቤቱ ተወካዮች ከመሄዳችሁ በፊት ያን አንቀጽ እዚሁ አብረን እንድናነበው እጠይቃችኋለሁ።