አንቀጽ 26 እና የተማሪዎቼ ቦርሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለኝም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር ሆኜ ሳገለግል ከፈጸምኩትና እስካሁን ከሚከነክነኝ አንድ ስሕተት ተነሥቼ፣ ሰብአዊ መብትንና መልካም ጠባይን ለወጣቶች ማስተማር ከመምህሩ ምን እንደሚጠይቅ ላወጋችሁ እወዳለሁ።

ጊዜው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ ሦስት የሚማሩበት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያሉትን ድንጋጌዎች ለመሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች ሰጥቷል፤ በዚያ ሳምንት የደረስነው አንቀጽ 26 ላይ ነበር። አንቀጹ የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት ሊከበር እንደሚገባ፣ መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱም እንዲሁ ከመፈተሽ የተጠበቁ እንደሆኑ ይደነግጋል። በሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ እነርሱም በደብተራቸው ገለበጡት።

ከሁለት ቀን በኋላ የክፍሉ አለቃ የታመመ ጓደኛቸውን ለመጠየቅ ያሰባሰበችው መዋጮ ጠፋ። ልጅቱ ስታለቅስ ባየሁ ጊዜ አላመነታሁም፤ በሩን ዘግቼ ሁሉም ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ እንዲገለብጡ አዘዝኩ። ከኋላ ወንበር ከሚቀመጥ አንድ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ደብተሮቹን ተከትለው የጫማ ብሩሽና ሁለት ቆርቆሮ የጫማ ቀለም ወደቁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሊስትሮ እንደሚሠራ ከክፍል ጓደኞቹ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ገንዘቡ በማንም ዘንድ አልተገኘም፤ ልጁ ግን ለሦስት ቀናት ከትምህርት ገበታው ቀረ።

ሊስትሮነት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ታታሪነት ያኔ በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት እናስተምራቸው ከነበሩት 11 እሴቶች አንዱ ነበር፤ ያ ልጅ ደግሞ እሴቱን ለፈተና ከማጥናት አልፎ ይኖረው ነበር። ነገር ግን የኑሮውን ሁኔታ ለማንና መቼ እንደሚገልጥ የመወሰን መብት የራሱ ነበር፤ ያንን መብት የነጠቅሁት እኔ፣ መብቱን በሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሰው ነኝ። 40 የሚሆኑ ልጆችንም በአንድ ሰው ጥፋት እንደ ተጠርጣሪ ቆጠርኳቸው፤ ተከሳሽ እንኳ ጥፋተኛነቱ በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት ግን ቀደም ብዬ በአንቀጽ 20 አስተምሬአቸው ነበር።

በአገራችን ይህን መሰሉ ትምህርት ብዙ ስሞች ተፈራርቀውበታል። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ፣ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት፣ ቀጥሎም ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተብሏል፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የዜግነት ትምህርት ሆኗል። ስለ መጻሕፍቱ ይዘት ብዙ እንከራከራለን፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ሆኖም የሕፃናትን መብት የሚዘረዝረው አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ነፃ መሆንን በግልጽ አስፍሮ ሳለ፣ አርጩሜ በእጁ ይዞ ይህንኑ አንቀጽ የሚያስተምር ባልደረባ አይቻለሁ። ተማሪዎቹ በዚያ ሰዓት የተማሩት ከአንቀጹ ይልቅ አርጩሜውን እንደሆነ አምናለሁ፤ የእኔም ፍተሻ ከዚያ የሚለይ አልነበረም።

ልጁ ሲመለስ እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቀው ብዙ አሰብኩ። በክፍሉ ፊት ስሙን ብጠራ ዳግመኛ ላጋልጠው ነው። ስለዚህ እርሱን ለብቻው ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ለክፍሉ ደግሞ የማንንም ስም ሳላነሣ ፍተሻው ስሕተት እንደነበር ነገርኳቸውና አንቀጽ 26ን እንደገና እንዲያወጡ ጠየቅኳቸው። ካስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲያ ያለ ውይይት አላስታውስም። አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ ገንዘቡ የታማሚ ገንዘብ ነው፤ መፈተሽዎ ትክክል ነበር» አለኝ። ሌላዋ አንቀጹ በራሱ ገደብ እንደሚፈቅድ አንብባ፣ ገደቡ ግን በሕግ መወሰን እንዳለበት፣ መምህር በተቆጣ ጊዜ የሚያወጣው ትእዛዝ ሕግ እንዳልሆነ ተከራከረች። ሦስተኛው የተናገረው ከሁሉ ይበልጥ ነካኝ፤ «መጀመሪያ ቢጠይቁን ኖሮ፣ የጠፋውን ብር እኛው አዋጥተን እንተካው ነበር» አለ።

በእርግጥም በዚያው ሳምንት አዋጥተው ተኩት። ያኔ መልካም ጠባይ የምንለው ነገር በልጆቹ ዘንድ አስቀድሞ እንደነበረ፣ በሩን በዘጋሁ ጊዜ መንገዱን የዘጋሁበት እኔ እንደነበርኩ ገባኝ። የክፍሉን ደንብ ራሳቸው እንዲጽፉ ያደረግኩትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ዕቃ ሲጠፋ ማን ለማን እንደሚያመለክትና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቦርሳ እንደማይከፈት በእጃቸው ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

ያ ልጅ ዓመቱን በዚያው በኋላ ወንበር ጨረሰ። ይቅርታ ስጠይቀው አቀርቅሮ «ምንም አይደለም» ከማለት በቀር አልመለሰልኝም፤ ከዚያም በኋላ ጉዳዩን አንሥቶብኝ አያውቅም።